ዋስ ያጣው ርካሽ ቦርድና የሃፊዛ እንቁላሎች

የቡታጅራ የትንንሽ ኮምፒውተር ሞካሪዎች ኮሚቴ አስቸኳይ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፣ ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.
ቦታ፦ ቡታጅራ፣ የሰብሳቢው የበርበሬ መጋዘን
የተጠራበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡00
የተጀመረበት ሰዓት፦ 8፡50

የተገኙ አባላት
1. ሐጂ ሙዝደሊፋ ሸምሱ፣ የበርበሬ ነጋዴ፣ ሰብሳቢ
2. መምህር በኃይሉ አስረስ፣ የፊዚክስ መምህር፣ የቴክኒክ ኃላፊ
3. አቶ ደበሌ ወልዴ፣ በቆሼ መስመር የሚሠራ ሚኒባስ ባለቤት፣ የደንብ ኃላፊ
4. ሳላሀዲን ጀማል፣ ሞባይል ጠጋኝ፣ አባል
5. ወ/ሮ ሃፊዛ ሱልጣን፣ የእንቁላሎቹ ባለቤት፣ አባል
6. ኡበይድ ከድር፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ፣ ጸሐፊ

ያልተገኙ፦ አቶ ፈቃደ (ለጉዳይ ወልቂጤ)፣ ወ/ሮ ዓለምዘውድ (ለቅሶ፣ እምድብር)።

የኮሚቴው መዝገብ መምህር በኃይሉ ቤት ስለተረሳ ይህ ቃለ ጉባኤ በጸሐፊው የዕለት ማስታወሻ ደብተር ላይ ተጽፏል። ከዚህ ገጽ በፊት ያለው የግል ስለሆነ እንዳይነበብ።

ምልዓተ ጉባኤ፦ ኮሚቴው ስምንት አባላት አሉት። ለመወሰን ሁለት ሦስተኛው መገኘት አለበት። ይህ አምስት ሰውና የአንድ ሰው ሲሶ ይሆናል። ሲሶ ሰው ማግኘት ስላልተቻለ ቁጥሩ ስድስት እንዲሆን ዓምና ተወስኗል። ዛሬ ልክ ስድስት ነን። አንድ ሰው ከወጣ ስብሰባው ይቆማል።

የጉዳዩ መነሻ

ኮሚቴው የአንድ ዕቁብ አባላት ለፍቅር ያቋቋሙት ነው። ሥራው መዳፍ የምታክል ቦርድ ላይ ያለ ሙሉ ኮምፒውተር እየገዙ አንዳንድ ነገር መሞከር ነው። እስካሁን አንድ የበር ደወልና አንድ የዝናብ መለኪያ ተሠርቷል። ደወሉ ዝናብ ሲዘንብ ይጮኻል።

ሦስተኛው ሥራ የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን ነው። ቦርዱ የሳጥኑን ሙቀት እያነበበ አምፖል ያበራል፣ ያጠፋል። ወ/ሮ ሃፊዛ ሰማንያ ስምንት እንቁላል አስገብተው ዛሬ ሃያኛ ቀኑን ይዟል። ጫጩት የሚወጣው በሃያ አንድ ቀን ነው። ሳጥኑ ያለው ከመጋዘኑ ግቢ ማዶ፣ ሐጂ ባከራዩዋቸው ክፍል ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ዙር በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቶባቸዋል። ያኔ ከሐጂ ጋር ተነጋግረው፣ ሁለተኛውም ከሞተ ክፍሉን በሰላም ለቀው ለበርበሬ ማስቀመጫ እንደሚሆን ተስማምተዋል።

ሐሙስ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሳጥኑን የሚቆጣጠረው ውዱና ስመ ጥሩው ቦርድ ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ወ/ሮ ሃፊዛ ቴርሞሜትር እያዩ አምፖሉን በእጃቸው ያበራሉ፣ በእጃቸው ያጠፋሉ። ዐሥር ደቂቃ ከዘገዩ እንቁላሎቹ ይቀቀላሉ፣ ወይም ይቀዘቅዛሉ።

ሐጂ በዱዓ ስብሰባውን ከፈቱ። መምህር በኃይሉ አማተቡ። ከዚያ ሁሉም አስነጠሰ። አዲስ በርበሬ ከቆሼ የገባው ትናንት ነው።

አጀንዳ 1፦ ስለ ሞተው ቦርድ

መምህር በኃይሉ ቦርዱን በነጭ መሐረብ ጠቅልለው አቅርበዋል። ቦርዱ በዓለም የታወቀ መሆኑን፣ ጥፋቱ የመብራቱ እንጂ የቦርዱ አለመሆኑን፣ ሌላ ተመሳሳይ ቦርድ በሰው በኩል ቢታዘዝ በሦስት ሳምንት እንደሚደርስ አስረድተዋል።

ወ/ሮ ሃፊዛ የቀራቸው አንድ ቀን መሆኑን አስታውሰዋል። መምህሩ፣ ሳይንስ እንደማይቸኩል ገልጸዋል። ወ/ሮ ሃፊዛ፣ እንቁላሉ ግን እንደሚቸኩል ገልጸዋል።

በዚህ ጊዜ ሰዓታቸውን ዐይተው አምፖሉን ለማጥፋት ሮጠው ወጡ። ስድስተኛ ሰው ስለጎደለ ስብሰባው ከ9፡02 እስከ 9፡06 ቆመ።

ሲመለሱ አቶ ደበሌ፣ ሙቀት ሲበዛ ራሱ የሚያጠፋው የካውያ ቴርሞስታት ለምን እንደማይበቃ ጠየቁ። ጸሐፊው በሱቁ እንዳለ አሳወቀ። መምህሩ፣ ቴርሞስታት የሚበቃ ከሆነ ኮሚቴው አያስፈልግም ብለዋል። ሐሳቡ በአንድ ድምፅ ውድቅ ሆነ።

ወ/ሮ ሃፊዛ ሊያበሩ ወጡ። ስብሰባው በ9፡15 ቆመ። አጋጣሚውን በመጠቀም የዐሱር ሰላት ተሰገደ፤ ስብሰባው እስከ 9፡35 እንደቆመ ቆየ። ወ/ሮ ሃፊዛ ከሳጥኑ አጠገብ ሰግደዋል።

ሰብሳቢው፣ በዚህ አያያዝ ስብሰባው ከበርበሬው ጋር እንደሚደርቅ ተናግረው መፍትሔ ጠየቁ። የኮሚቴው የራሱ ደንብ ስላልተረቀቀ የዕቁቡ ደንብ ያገለግላል። አቶ ደበሌ ደንቡን ከመኪናቸው አምጥተው፣ በዕቁብ ሰው ባይመጣም ዕቃውን ከላከ እንደ መጣ እንደሚቆጠር አነበቡ። ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ወ/ሮ ሃፊዛ ሲወጡ ሹራባቸውን ወንበሩ ላይ እንዲተዉና ሹራቡ እንደ ተገኘ አባል እንዲቆጠር ተወሰነ።

ወ/ሮ ሃፊዛ፣ ይብረዳቸው አይብረዳቸው የጠየቃቸው እንደሌለ አስመዝግበዋል። ሹራቡን አውልቀው ወጡ። ስብሰባው ቀጠለ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ርካሹ ቦርድ

ሳላሀዲን ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የገዛውን ሌላ ቦርድ አቀረበ። ዋጋው የስመ ጥሩው ሲሶ ነው። ስም አለው፤ ነገር ግን ከተገኙት አባላት ስሙን አንድ ዓይነት ያነበበ ሰው አልተገኘም።

ሳላሀዲን ያልተደበቀ ነገር እንዳይኖር ጉድለቱን በመናገር ጀመረ። የመምህሩን ሚሞሪ ካርድ ቢሰኩበት አይነሳም፤ የራሱን ሲስተም ፈልጎ ለመጫን ሦስት ቀን ፈጅቶበታል። ሽቦ የሚሰካባቸው የፒኖቹ ቁጥር ከውዱ ጋር አይገጥምም። ይሞቃል። ከዚያ በተረፈ ከትናንት ጀምሮ ሱቁ ውስጥ ሳይጠፋ ሠርቷል። በሁለት ሽቦ ከሳጥኑ ጋር ይገናኛል፤ ከተፈቀደለት ሩብ ሰዓት ይበቃዋል።

መምህር በኃይሉ፦ «የፒኑ ቁጥር የማይገጥም ቦርድ ላይ ነፍስ ያለው ነገር ይታመናል ወይ?»

ሳላሀዲን፦ «መምህር፣ የእርስዎ ቁጥሩ ገጥሞ ሞቷል እኮ።»

ሰብሳቢው ሥርዓት እንዲከበር አሳሰቡ። ቀጥለውም፣ ስለ ዕቃ ከሆነ ክርክር እንደማያስፈልግ፣ በአርባ ዓመት ንግድ ደህና ዕቃ እንደሚከብድና ፎርጅድ እንደሚቀል ማወቃቸውን ተናገሩ። ሁለቱን ቦርድ ግራና ቀኝ መዳፋቸው ላይ አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ርካሹ ከበደ።

«እንግዲህ ፎርጅዱ የመምህሩ ነው» አሉ።

መምህሩ፣ ይህ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ጠይቀዋል። አልወጣም። አቶ ደበሌ፣ ቦርድ ሲሞት ክብደት ይቀንስ እንደሆነ ጠየቁ። ጥያቄው ወደ መምህሩ ተመራ። መምህሩ ቦርዳቸውን መልሰው በመሐረቡ ጠቀለሉት።

ሳላሀዲን እውነቱን ለመናገር ብሎ፣ ቦርዱ የከበደው እንዳይግል እሱ ራሱ የለጠፈበት ብረት ስላለ መሆኑን ገለጸ። አቶ ደበሌ፣ «እንዴ ሳላ! በርበሬ ላይ ውኃ እንደ መርጨት መሆኑ ነው?» አሉ። ሰብሳቢው ንግግሩ ማንን እንደሚመለከት ጠየቁ። አቶ ደበሌ ማንንም አለመሆኑን መለሱ። ሰብሳቢው፣ በዚህ መጋዘን ውስጥ ያለ በርበሬ ወላሂ ከዝናብ በቀር ውኃ ነክቶት እንደማያውቅ እንዲመዘገብ አዘዙ። ተመዝግቧል። መምህሩ በዚህ ጊዜ እንባ ጠርገዋል፤ የበርበሬው እንጂ የሌላ አለመሆኑ እንዲመዘገብላቸው ጠይቀዋል። ተመዝግቧል።

ወ/ሮ ሃፊዛ ተመልሰው ምን ላይ እንደተደረሰ ጠየቁ። ክብደት ላይ መሆኑ ተነገራቸው። የማንን ክብደት ብለው ጠየቁ፤ ተነገራቸው። ቆመው ሁላችንንም በየተራ ዐዩን።

«ሰማንያ ስምንት ነፍስ እዚያ ማዶ አለ» አሉ። «ከሐሙስ ወዲህ ተኝቼ አላውቅም። አታያይዙልኝም? ወይ አያይዙልኝ፣ ወይ አይሆንም በሉኝና ልመለስ።»

አቶ ደበሌ፣ እንደሚያዝኑላቸው ነገር ግን ደንብ ደንብ መሆኑን ገልጸው የዕቁቡን ደንብ አንቀጽ ሰባት አነበቡ፦ አዲስ የገባ አባል ዋስ ሳይጠራ በመጀመሪያው ዙር ዕጣ አይወጣለትም። ቦርዱ አዲስ ነው። ዙሩ ሊያልቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። ስለዚህ አድራሻው የታወቀ ዋስ ይጥራ።

ሳላሀዲን ዋስ እሆናለሁ አለ። ቤተሰብ ለቤተሰብ ዋስ እንደማይሆን፣ ገዢውም እንደ ቤተሰብ እንደሚቆጠር ተነገረው። ወ/ሮ ሃፊዛ እኔ እሆናለሁ አሉ። ተጠቃሚ ዋስ እንደማይሆን ተነገራቸው። መምህር በኃይሉ ከተቀናቃኝ ወገን በመሆናቸው አልተጠየቁም። ሐጂ፣ ዋስ ሆነው ያልተጸጸቱበት ቀን እንደሌለ ተናገሩ። አቶ ደበሌ እኔ ደንቡን አነባለሁ እንጂ አልገባበትም አሉ። ጸሐፊው ይጽፍ ነበር።

ወ/ሮ ሃፊዛ ወጡ። ሹራቡ ቀረ።

ከካርቶኑ ውስጥ አንድ የዋስትና ወረቀት ተገኘ፤ ግን በቻይንኛ ነው። የሚያነብ ሰው ሲፈለግ፣ አቶ ፈቃደ በአንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ ጥበቃ እንደነበሩ ታወሰ። ወልቂጤ ተደወለ። አቶ ፈቃደ፣ የሚያውቁት ቻይንኛ «ና»፣ «ብላ» እና «ዝናብ መጣ» የሚለውን ብቻ መሆኑን፣ እሱንም በጆሮ እንጂ በጽሑፍ አለመሆኑን አስረዱ። ወረቀቱ ላይ ስለ ዝናብ የሚል ነገር ሊኖር ይችል እንደሆነ ተጠየቁ። ስልኩ ተቋረጠ። በስልክ የተገኘ አባል እንደ ሹራብ ይቆጠር እንደሆነ ለሃያ ደቂቃ ውይይት ተደርጎ፣ ሹራብ ቢያንስ እዚሁ ስለሆነ አይቆጠርም ተባለ።

10፡15 ላይ ሳላሀዲን፣ ወ/ሮ ሃፊዛን ልጥራ ብሎ ተነሣ። ምልዓተ ጉባኤ እንዳያፈርስ ስልኩን ወንበሩ ላይ እንዲተው ታዘዘ። ተወው። ቦርዱን ግን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወጣ። ይህን ያየው ጸሐፊው ብቻ ነው። ጸሐፊው ስለ ወንበሮች እንጂ ስለ ኪሶች እንዲመዘግብ አልታዘዘም።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ርካሹ ቦርድ ዋስ እስኪጠራ ድረስ ከማንኛውም ሳጥን ጋር እንዳይገናኝ ተወሰነ። ሦስት ድምፅ ድጋፍ፣ አንድ ድምፅ ተዓቅቦ (ጸሐፊው)። ሹራቡ ተቃውሞ ስላላሰማ እንደ ደገፈ ተቆጥሯል። በድምፅ አሰጣጡ መካከል የሳላሀዲን ስልክ ጮኸ። አቶ ደበሌ፣ መጮኽ ብቻውን ተቃውሞ እንዳልሆነ፣ ምክንያት መቅረብ እንዳለበት ተረጎሙ።

አጀንዳ 3፦ ስለ ክፍሉ

ሰብሳቢው የራሳቸው ጉዳይ ስለሆነ ወንበራቸውን ለአቶ ደበሌ ለቀቁ። ከዚያ አጠገቡ ያለው ጆንያ ላይ ተቀምጠው ለብቻቸው ዐሥር ደቂቃ ተናገሩ። ሃፊዛን እንደ እህታቸው እንደሚያዩ፣ አንድ ቀን በክፉ ዐይን እንዳላዩአት፣ ነገር ግን ውጭ ያለው በርበሬ አንድ ዝናብ ቢያገኘው የዓመት ልፋት እንደሚበሰብስ አስረዱ። ቦርድ ከሌለ ሳጥን የለም፤ ሳጥን ከሌለ እንቁላል የለም፤ እንቁላል ከሌለ ክፍሉ ባዶ ነው። ባዶ ክፍል ደግሞ የሚያስቀምጡበት ነገር ላለው ሰው ነው አሉ።

መምህር በኃይሉ፣ አመክንዮው ትክክል ቢሆንም ደስ እንዳላላቸው ገለጹ። አቶ ደበሌ፣ ደስታ በአጀንዳ አለመያዙን አስታወሱ።

ከረዥም ውይይት በኋላ፣ ሳጥኑ ዛሬ 11፡00 ላይ እንዲነቀልና ክፍሉ ከነገ ሰኞ ጀምሮ ለበርበሬ እንዲውል ተወሰነ። ሹራቡ ደግፏል። ስልኩም ዝም በማለቱ ደግፏል።

ውሳኔውን ለወ/ሮ ሃፊዛ የሚነግር ሰው ተፈለገ። አልተገኘም። አንድ ሰው ብቻውን ከሄደ ምልዓተ ጉባኤ ስለሚጓደል፣ ኮሚቴው በሙሉ ስብሰባ ላይ እንዳለ ተነሥቶ እንዲሄድ ተወሰነ። 10፡50 ላይ ግቢውን አቋርጠናል። ሹራቡን መምህሩ፣ ስልኩን ጸሐፊው ይዘዋል።

ስብሰባው በክፍሉ ውስጥ ሲቀጥል

ስንገባ ሳላሀዲን መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ርካሹ ቦርድ ሳጥኑ ጎን በፕላስተር ተለጥፏል። አምፖሉ ማንም ሳይነካው ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ ማንም ሳይነካው በራ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ ሰባት ከግማሽ ላይ ነው። ወ/ሮ ሃፊዛ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ጸሐፊው ከሐሙስ ወዲህ እጃቸው ሥራ ፈትቶ ሲያይ የመጀመሪያው ነው።

አቶ ደበሌ፣ ይህ የኮሚቴውን ውሳኔ መጣስ መሆኑን ተናገሩ። ሳላሀዲን ቦርዱን ያያያዘው 10፡25 ላይ መሆኑን ገልጾ፣ በዚያ ሰዓት ውሳኔ ተሰጥቶ እንደሆነ ጠየቀ። ጸሐፊው እንዲያጣራ ታዘዘ። በ10፡25 ኮሚቴው የተወያየው ሹራብ ተዓቅቦ ማድረግ ይችል እንደሆነ ነበር።

መምህር በኃይሉ ተንበርክከው ሽቦውን ተመለከቱ። ረዥም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ፣ «ፒኑን በትክክል ነው ያገኘኸው» አሉ።

ሐጂ ሙዝደሊፋ፣ ውሳኔው እንደተጠበቀ ሆኖ የሚነቀለው የትኛው ሶኬት እንደሆነ ጠየቁ። የጠየቁት ግድግዳውን እያዩ ነው።

ወ/ሮ ሃፊዛ ከወንበራቸው አልተነሡም። «ሐጂ፣ ክፍሉ የእርስዎ ነው፣ ቃሌም ቃል ነው» አሉ። «የሞተ እንደሆነ እለቃለሁ ብያለሁ። መንቀሉን ግን እርስዎ ይንቀሉ፤ የኔ እጅ አይሄድም። በመጀመሪያ ብቻ ጆሮዎን እዚህ ያስጠጉልኝ።»

ሐጂ፣ «ምን ልሰማ?» አሉ።

«ያስጠጉ።»

ሐጂ ቆባቸውን አውልቀው ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ አስደገፉ። ሰብሳቢው ከ10፡56 እስከ 11፡00 ድረስ አልተናገሩም። በኮሚቴው ታሪክ ረዥሙ ነው።

ከዚያ ጎንበስ እንዳሉ፣ «ሱብሃነላህ» አሉ። «ይሄ ልጅ ከውስጥ ሆኖ እየጮኸ ይከሰኛል።»

መምህሩ ጠጋ ብለው በሳጥኑ መስታወት ሲያዩ፣ ከበሩ በኩል ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያለ እንቁላል ተሰንጥቆ ጫፉ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ነበር። አቶ ደበሌ ደንቡን ዘግተው ብብታቸው ሥር አደረጉት። «አንድ ቀን ይቀራል አልነበር እንዴ?» አሉ። ወ/ሮ ሃፊዛ፣ አንዳንዱ ጫጩት ደንብ እንደማያነብ መለሱ።

ሐጂ ቀና ሳይሉ፣ እስካሁን የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር አዘዙ። መምህሩ በምን ምክንያት ብለው ጠየቁ።

«ምክንያቱን ጸሐፊው ይፈልግለት» አሉ ሐጂ። «ድምፃችሁን ቀንሱ።»

የመጨረሻ ውሳኔ

ጸሐፊው ምክንያት ፈልጎ የሚከተለውን አቅርቧል፣ ጸድቋል፦ በዛሬው ስብሰባ በአጀንዳ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ የተወሰነው ወ/ሮ ሃፊዛ በሌሉበት፣ በሹራባቸው ነው። ሹራብ የሚቆጠረው ሰውየው ዕቃውን ወዶ የላከ እንደሆነ እንጂ እየበረደው አውልቅ የተባለ እንደሆነ አይደለም። ስለዚህ በአጀንዳ 1 ሹራቡ አባል እንዲሆን፣ በአጀንዳ 2 ርካሹ ቦርድ እንዳይገናኝ፣ በአጀንዳ 3 ሳጥኑ እንዲነቀልና ክፍሉ ለበርበሬ እንዲውል የተላለፉት ውሳኔዎች በሙሉ እንዳልተላለፉ ይቆጠሩ። ሹራቡ ለባለቤቱ ይመለስ። ተመልሷል፤ ለብሰውታል።

በስድስት ሰው ሙሉ ድምፅ አልፏል። ድምፅ የተሰጠው በሹክሹክታ ነው።

ስለ ውጭው በርበሬ ምን ይደረግ የሚል ጥያቄ ከአቶ ደበሌ ቀርቦ ነበር። ሐጂ፣ ሸራ እንዳላቸው በእጃቸው ምልክት ሰጥተዋል።

ስብሰባው 11፡10 ላይ ተዘግቷል። ወ/ሮ ሃፊዛ በሩ በተከፈተ ቁጥር ክፍሉ እንደሚቀዘቅዝ ስለገለጹ፣ አባላት በአንድ መክፈቻ ተያይዘው እንዲወጡ ተስማማን። አራት ሰው ወጣን። ሰብሳቢው አልወጡም።

ጸሐፊው መዝገቡ የተሟላ እንዲሆን፣ ስንት እንደተፈለፈለ እንዲነገረው በመስኮት በኩል ሰብሳቢውን ጠይቋል። ሐጂ ሙዝደሊፋ ጆሯቸውን ከሳጥኑ ሳያነሡ፣ ስብሰባው ማለቁንና ጸሐፊው ከመስኮቱ ዞር እንዲል በጣታቸው አመልክተዋል።